ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ሞዴል፦ የትኛውን ኪት እንግዛ?

የምኖረው ቡራዩ ነው። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄድ እንዳሉ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። ወደ አገራችን የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ያረፈው በዚሁ አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ስሙ ፖቴዝ 25 ነው። ከጅቡቲ ያመጣው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ነበር። ክንፉ ድርብ ነው። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ በመሐላቸው ምሰሶና ሽቦ። ይህን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ የቅዳሜና እሁድ ሥራዬ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖችን አሳንሶ በሞዴል መሥራት ሆኗል። ክፍሎቹ ተለያይተው በካርቶን የሚሸጡት፣ ራሳችን የምንገጥመው ሞዴል ኪት ይባላል።

ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። "እህቴ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ ምን ታምጣልኝ?" ጊዜው ሁልጊዜ አጭር ነው። ሻንጣ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የሚደውሉት። ኢንተርኔት ሲከፍቱ ደግሞ ወረቀት፣ ፕላስቲክ፣ ሬዚን (ፈሳሹ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ቁስ)፣ እንጨት፣ 1/72፣ 1/48፣ 1/32 ይደረደርባቸዋል። ቁጥሮቹ ስኬሉ ናቸው፤ 1/72 ማለት ከእውነተኛው አውሮፕላን 72 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ሥዕሉ ሁሉ ያምራል። ይህን የምጽፈው በዚያች ሁለት ቀን ውስጥ ለሚወስን ሰው ነው።

በምን እንመዝን?

አብዛኛው ሰው የሚመርጠው በካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል ነው። እኔ የምለው ግን በላይኛው ክንፍ ምረጡ ነው። አንድ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ሲሠራ ክንፉ ከጎን ይሰካል፣ ያልቃል። ድርብ ክንፍ ላይ ግን የላይኛው ክንፍ በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ነው የሚቀረው። ስምንትና ከዚያ በላይ የሆኑ የምሰሶ ጫፎች በአንድ ጊዜ ቀዳዳቸውን ማግኘት አለባቸው። ሙጫው እየደረቀ ነው። እጃችሁ ሁለት ብቻ ነው። ተጀምረው የቀሩ ሞዴሎችን ብታዩ አብዛኞቹ የላይኛው ክንፍ የሌላቸው ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው መስፈርት ይህ ነው፦ ምሰሶው ምን ያህል ወፍራም ነው? መሰኪያ ቀዳዳው በደንብ ይታያል?

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ያለ ሽቦ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ልብስ እንዳልለበሰ ሰው ነው። እውነተኛው ሽቦ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው ብለን እናስላ። በ1/72 ሲሆን 0.08 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ የሰው ፀጉር ነው። በ1/48 ወደ 0.12፣ በ1/32 ደግሞ ወደ 0.19 ይደርሳል። ይህኛው የፈረስ ጭራ ነው፣ የማሲንቆ ክር የሚሠራበት። እኔ ለትልቁ ስኬል የፈረስ ጭራ፣ ለመካከለኛው ደግሞ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን የማይታይ ቀጭን የናይሎን ክር እጠቀማለሁ።

ሦስተኛው፣ ዕቃው እንዴት ይገባል የሚለው ነው። ኪቱ በሻንጣ ይገባል፣ በፖስታም ይመጣል። በፖስታ ከሆነ ጉምሩክ ከፍቶ ሊያየውና ቀረጥ ሊጠይቅበት እንደሚችል አስቡ። ችግሩ ሙጫውና ቀለሙ ላይ ነው። የፕላስቲክ ሙጫ፣ በቲነር የሚቀጥን ቀለምና የሚረጭ ቆርቆሮ ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ አይፈቀዱም። የሚያመጣላችሁን ሰው በአየር ማረፊያ ፍተሻ አታስጨንቁት። በውሃ የሚቀጥኑ እንደ ቫዬሆ ያሉ አክሪሊክ ቀለሞችን ብቻ አስመጡ። ታሚያ አክሪሊክ የሚባለው አልኮል ስላለበት ከዚህ ዝርዝር አይገባም።

አራተኛው ቦታ ነው። የምትኖሩት በኪራይ ቤት ከሆነ ሞዴሉ አንድ ቀን ዕቃ መጫኛ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ዋጋን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ርካሹ ኪት ሳያልቅ ከቀረ ከሁሉ የበለጠ ውድ ስለሆነ ነው።

ለማነጻጸሪያ አንድ አውሮፕላን ልያዝ። ታይገር ሞዝ። በ1931 እ.ኤ.አ. የበረረ የእንግሊዝ ማሠልጠኛ ነው። የመረጥኩት በሦስቱም ዋና ስኬሎች ስለሚገኝ ነው። ለኛም ሩቅ አይደለም። የታላቅ ወንድሙ የሞዝ ዝርያ ከሆኑት አንዱ የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁሊያን ሲያበርረው ወድቆ ተሰብሯል።

ወረቀት

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው። ፋይሉን ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ፣ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ በ160 ወይም በ200 ግራም ወረቀት ታሳትማላችሁ። ብዙዎቹ የወረቀት ሞዴሎች 1/33 ናቸው። ታይገር ሞዝ በዚህ ስኬል 27 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ይኖረዋል። የሚያስፈልጋችሁ ካተር፣ ማስመሪያ፣ ነጭ የእንጨት ኮላና ትዕግሥት ነው። ቀለም አያስፈልግም፣ ታትሞ ይመጣል። የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ እንዳይታይ በከለር እርሳስ ቀባ ቀባ አድርጉት።

ክንፉስ? ምሰሶው ወረቀት ብቻ ከሆነ ይታጠፋል። በውስጡ ስቴኪኒ አስገቡበት። በሌዘር ፕሪንተር አሳትሙ። በኢንክጄት የታተመው በክረምት እጅ ሲነካው ይለቃል።

ጉዳቱ እርጥበት ነው። ገፈርሳ አካባቢ ሐምሌ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መስተዋት ውስጥ ያልገባ የወረቀት ክንፍ ክረምቱን ሳይጣመም አያልፍም።

ፕላስቲክ በ1/72

ሰው ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ነው። የኤርፊክስ ታይገር ሞዝ በውጭ ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ነው። ካርቶኑ ትንሽ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ሲያልቅ ክንፉ 12.4 ሴንቲ ሜትር ነው። መዳፍ ላይ ይቀመጣል።

እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነበር፣ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ምሰሶው ከክብሪት እንጨት የቀጠነ ነው። የመጀመሪያውን ስሠራ ወሩ ነሐሴ ነበር። ክንፉን በሱፐር ግሉ ለመግጠም ሞከርኩ። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ስቦ ነው፤ ስለዚህ በክረምት ሳትዘጋጁበት ይይዛል። አንዱ ምሰሶ ወደ ፊት ተንጋዶ ያዘ። ላስለቅቀው ስታገል ሁለቱ ተሰበሩ። የሱፐር ግሉው ጭስ ደግሞ በሞዴሉ ላይ ከአብራሪው ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ መስተዋት እንደ ጉም አለበሳት። ያን ቀን በጣም አዝኜ ነው ያደርኩት። ስህተቱ የእጄ ብቻ አልነበረም፣ የስኬል ምርጫዬም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤርፊክስ ታይገር ሞዝን መጀመሪያ ያወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። በ2014 ከአዲስ ሻጋታ እንደገና ሠራው። ስሙም ስኬሉም አንድ ነው፣ ይዘቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ስትገዙ የካርቶኑን ሥዕል ሳይሆን የክፍሎቹን ፎቶ ጠይቁ።

ፕላስቲክ በ1/48

ለብዙው ሰው የኔ መልስ ይህ ነው። ክንፉ 18.6 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ቤት ስትቀይሩ አያስቸግርም። ምሰሶው በወረንጦ ሲያዝ አይታጠፍም። መሰኪያው በዓይን ይታያል። ዋጋው ከ25 እስከ 35 ዶላር አካባቢ ነው።

የላይኛውን ክንፍ የምገጥመው እንዲህ ነው። ሁሉንም ክፍል ለየብቻው ቀለም እቀባለሁ። የሽቦ ቀዳዳዎችን ክንፎቹ ሳይጋጠሙ በ0.3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ እበሳለሁ። ይህችን መሰርሰሪያ ከኪቱ ጋር አስመጡ፣ ክብደት የላትም። ከዚያ ከወፍራም ካርቶን መደገፊያ እቆርጣለሁ። የታችኛው ክንፍ ከሥር፣ የላይኛው ከላይ የሚያርፍበት፣ በትክክለኛው ርቀት። መጀመሪያ አካሉ ላይ ያሉትን የመሐል ምሰሶዎች ብቻ አጣብቄ አሳድራለሁ። በማግስቱ የጫፎቹን። ችኮላ የለም። በዚህ መንገድ ሁለት እጅ ይበቃል።

ቀለምን በተመለከተ ሠፈር ውስጥ ያለው የመኪና ዱኮ ሊያጓጓችሁ ይችላል። ቲነሩ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛው የሥዕል አክሪሊክ በውሃ ቀጥኖ፣ በስሱ ሦስት አራት ጊዜ ሲቀባ ከዚያ በብዙ ይሻላል። ኮምፕረሰር ከሌላችሁ አትጨነቁ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚቆም ሥራ ከመጀመር በብሩሽ መለማመድ ይሻላል። መብራት ሲሄድ ሻማ የምታበሩ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቲነርና አሴቶን ያለበትን ጠርሙስ ክደኑና ከክፍሉ አውጡ። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥም እንዲሁ።

ፕላስቲክ በ1/32

ክንፉ 28 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የዩክሬኑ አይሲኤም ታይገር ሞዝን በዚህ ስኬል ሠርቶታል። ለዓይን ይመቻል። ዕድሜያቸው ገፋ ላሉ፣ መነጽር ለሚጠቀሙ ሰዎች በእውነት ከ1/48 ይበልጣል። የአብራሪው ወንበር፣ ቀበቶው፣ የመሣሪያ ሰሌዳው ሁሉ ይታያል። የፈረስ ጭራ ሽቦ ሆኖ የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው።

ከ40 እስከ 60 ዶላር አስቡ። ቦታ ይወስዳል፣ አቧራ ደግሞ ያገኘዋል። በበጋ እኛ ሠፈር ግንባታው አይቆምም። በሽቦ መካከል የገባ አቧራ በጨርቅ አይጠረግም፤ በለስላሳ ብሩሽ ነው፣ ያውም በስጋት። የመስተዋት ሣጥን ዋጋ ከመጀመሪያው አብራችሁ ቁጠሩ።

እንጨት

ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰዎች ያደባልቁታል። አንዱ ከባልሳ የሚሠራ፣ በስስ ወረቀት የሚሸፈን፣ አንዳንዴም በጎማ ኃይል የሚበር ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው ጊሎውስ በዚህ ይታወቃል። ሌላው ለማየት ብቻ የሚሠራ፣ አጽሙ እንዲታይ ሳይሸፈን የሚቀር ትልቅ ሞዴል ነው። የሞዴል ኤርዌይስ 1/16 ሶፕዊዝ ካሜል ዓይነት። ይህኛው ከ150 ዶላር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ወራትም ይፈጃል።

እንጨት ለኛ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሙጫው ነጭ ኮላ ነው፣ በየሱቁ አለ። ብርጭቆ ወረቀትም እንዲሁ። የተሰበረ ክፍል ከኮምፔርሳቶ ቁራጭ ይተካል። ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ሌዘር መቁረጫ አለ። ንድፉን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ስስ እንጨት ይቆርጡላችኋል። ከባዶ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ይህ በር የሚከፍት ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችውን ፀሐይ የተባለች አውሮፕላን አንድ ቀን በዚህ መንገድ መሥራት ምኞቴ ነው።

ማብረር ለምታስቡ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። የኛ አካባቢ ከፍታ ወደ 2600 ሜትር ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በደንብ የሚበር ሞዴል እዚህ ለመንሳፈፍ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ኮላ ሲበዛበት፣ ቀለም ሲደራረብበት ይከብዳል፤ አይነሣም። ለመብረር የሚሠራ ከሆነ ቀለሙን ተዉት።

ሬዚንና በጥቂት ቁጥር የሚመረቱ ኪቶች

ፖቴዝ 25ን የሚፈልግ ሰው ወደዚህ መምጣቱ አይቀርም። እንደ ታይገር ሞዝ በየሱቁ የሚገኝ አይደለም፣ ሲታይ መግዛት ነው። እነዚህ ኪቶች ብዙ ጊዜ መሰኪያ ቀዳዳ የላቸውም። ምሰሶው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው። ቀዳዳውን ራሳችሁ በስታችሁ፣ የናስ ሽቦ እንደ ሚስማር አስገብታችሁ ነው የምትገጥሙት። ሬዚን በፕላስቲክ ሙጫ አይያዝም፤ ሱፐር ግሉ ይፈልጋል። ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው። በውሃ እያረጠባችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ሞርዱ።

ፖቴዙ ትልቅ አውሮፕላን መሆኑንም አትርሱ። የላይኛው ክንፉ 14 ሜትር ከ14 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1/72 እንኳ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1/48 ወደ 30 ይጠጋል። ስለዚህ ለፖቴዝ 1/72 ትንሽ ስኬል አይደለም።

በአንድ ዓይን ለማየት

| አማራጭ | የታይገር ሞዝ ክንፍ | የኪት ዋጋ በውጭ (ዶላር፣ ግምት) | የላይኛው ክንፍ | ለሽቦ | እዚህ የሚገኝ ማቴሪያል |
|---|---|---|---|---|---|
| ወረቀት 1/33 | 27 ሳ.ሜ. | የማሳተሚያ ብቻ | መካከለኛ፣ በስቴኪኒ ይጠነክራል | የልብስ ስፌት ክር | ሁሉም |
| ፕላስቲክ 1/72 | 12.4 ሳ.ሜ. | 10–15 | ከባድ | የሰው ፀጉር | ብሩሽ፣ የሥዕል አክሪሊክ |
| ፕላስቲክ 1/48 | 18.6 ሳ.ሜ. | 25–35 | በመደገፊያ ቀላል | ቀጭን ናይሎን | ብሩሽ፣ የሥዕል አክሪሊክ |
| ፕላስቲክ 1/32 | 28 ሳ.ሜ. | 40–60 | ቀላል | የፈረስ ጭራ | ብሩሽ፣ የሥዕል አክሪሊክ |
| እንጨት 1/16 | 56 ሳ.ሜ. ይሆን ነበር | ከ150 በላይ | ረጅም ሥራ፣ ግን ጠንካራ | ጥጥ ክር ወይም ሽቦ | ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮምፔርሳቶ |
| ሬዚን | እንደ ስኬሉ | በጣም ይለያያል | በጣም ከባድ | እንደ ስኬሉ | ሱፐር ግሉ |

ዋጋው የኪቱ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ለመሣሪያና ለቀለም የኪቱን ያህል ገንዘብ ይጨምር። ወረንጦ፣ ጥሩ መቁረጫ፣ ሦስት ብሩሽና ያቺ መሰርሰሪያ ከሁለተኛው ኪት ይቀድማሉ።

ማን የቱን ይግዛ?

ተማሪ ከሆናችሁና ኪስ ባዶ ከሆነ፣ ወረቀት። ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። እጅ የሚሠለጥነውም በዚህ ነው።

አሥር ዓመት ለሞላው የወንድም ወይም የእህት ልጅ ከሆነም ወረቀት እመክራለሁ፤ ምላጩን እናንተ ያዙ። ፕላስቲክ ካስፈለገ ሽቦ የማይበዛበት ይሁን። ለምሳሌ የጣሊያኑ ሲአር 42 ምሰሶዎቹ ራሳቸው በዳብሊው ቅርጽ ስለሚደጋገፉ የሽቦው ሥራ በጣም ይቀንሳል። ይህ አውሮፕላን በ1933 ዓ.ም. ጦርነት በኛው ሰማይ ላይ የጣሊያን ተዋጊ ነበር። ለልጁ ስትሰጡት ይህንንም ንገሩት።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው፣ ከዚህ በፊት ሠርቶ የማያውቅ ትልቅ ሰው፣ 1/48 ታይገር ሞዝ ያስመጣ። ከዚያ ጋር ሦስት አራት የአክሪሊክ ጠርሙስ ይበቃዋል፤ ቢጫ፣ ብርማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ። የፕላስቲክ ሙጫ እጃችሁ ካልገባ ሱፐር ግሉን በመርፌ ጫፍ በጥቂቱ እየነካችሁ ሥሩ። መስተዋቷን ግን በነጭ ኮላ ለጥፉ፤ ሲደርቅ ይጠራል፣ አያጨስባትም።

ዓይኑ የደከመ ሰው 1/32 ይግዛ፤ ስለ ዋጋው አያመንታ። አናጺ እጅ ያለው ሰው ደግሞ እንጨት ቢጀምር ሙያው ራሱ ይመራዋል።

ሰብሳቢ ለሆናችሁ፣ ሳይከፈት የሚቀመጥ ኪትም ይበላሻል። ዲካል የሚባለው በውሃ የሚለጠፍ የምልክትና የጽሑፍ ተለጣፊ ከጊዜ ጋር ይቢጫል፣ ይሰነጠቃል። ካርቶኑን ከእንጨት መደርደሪያ ላይ አንሡት፤ ምስጥ ከመደርደሪያው አልፎ ካርቶን ይበላል። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አድርጉት። በብዛት የሚመረተውን አታከማቹ፤ ነገም አለ። በጥቂቱ የሚመረተውን ግን ስታገኙት ያዙት።

ፖቴዝ 25 የሚያልም ሰው ቢያንስ ሁለት ድርብ ክንፍ ጨርሶ ይምጣ። እኔ አራት ከጨረስኩ በኋላ ነው የጀመርኩት። አሁን አካሉና የታችኛው ክንፉ ቀለም ተቀብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የናስ ሚስማሮቹ ገብተዋል። መደገፊያው ተቆርጧል። የላይኛው ክንፍ ለብቻው ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቅሁ ነው፤ መስከረም ላይ እገጥመዋለሁ።